ምዕራፍ 7፦ የለመዱትን ሳይክል ማደስ ወይስ ሌላ መግዛት?

አዲስ አበባ ውስጥ ከባምቢስ ወደ ካዛንቺስ የሚያወጣው ዳገት ረጅም አይደለም፤ ግን ብዙ ሳይክል አስለውጧል። ጠዋት ከመስቀል አደባባይ በኩል የሚመጣ የቢሮ ሠራተኛ ድልድዩን አልፎ መውጣት ሲጀምር ማርሹን እስከ መጨረሻው ያቀለዋል። እግሩ ግን እንደከበደው ይቀራል። በዚህ መሃል አንድ ጎረምሳ በካርቦን ሳይክል ሽው ብሎ ያልፈዋል። ማታ ቤቱ ሲገባ ስልኩን አውጥቶ ዋጋ ማጠያየቅ ይጀምራል፤ ለዓመታት ወገቡን ሳያሳምም ያመላለሰው ሳይክል በአንድ ዳገት ሰበብ «አሮጌ» ይባላል።

ሳይክሉ ከበደኝ የሚል ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱን ማለቱ ነው፦ ማርሹ ለዳገቱ አይመጥንም፣ ጎማው ለመንገዱ አይመጥንም፣ ወይም ፍሬሙ ለሰውየው አይመጥንም። ሁለቱ በቁልፍ ይፈታሉ። ሌላ ሳይክል የሚያስገዛው በአብዛኛው ሦስተኛው ነው።

ከማርሹ እንጀምር፤ የአዲስ አበባ ሰው ጣጣ እዚያ ላይ ነውና። ቀደም ባሉት ዓመታት የተሠሩ የውድድር ሳይክሎች በተለምዶ ከፊት 53 እና 39፣ ከኋላ ደግሞ ትልቁ 25 ጥርስ ነበራቸው። 39 ለ25 ሲካፈል 1.56 ይመጣል፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ ከአንድ ተኩል ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በደቂቃ 60 ጊዜ ለመርገጥ ሳይክሉ በሰዓት ወደ 12 ኪሎ ሜትር መጓዝ አለበት። ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ይህን ፍጥነት ይዞ የሚቆየው የሠለጠነ ተወዳዳሪ ነው። ሌላው ሰው ከኮርቻው ተነስቶ በጉልበቱ ይታገላል፤ ጉልበቱ ሲያብጥም ጥፋተኛው ሳይክሉ ይሆናል። ከፊት 34፣ ከኋላ 34 ጥርስ ቢኖር ግን ያው አረጋገጥ በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛል። ያው ሰው፣ ያው ፍሬም፣ ያው ኮርቻ።

የኋላውን ጥርስ ማተለቅ ብቻውን ግን አይበቃም። ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው የኋላ ማርሽ ክንድ የሚችለው የጥርስ ልክ አለው፤ ለ28 የተሠራ አጭር ክንድ 34ን አይሸከምም። ሰንሰለቱም መርዘም አለበት። ለመንገድ ሳይክል የተሠራ የሺማኖ ኩባንያ ባለ 11 ማርሽ ካሴት፣ ማለትም የኋላ ጥርሶቹ ስብስብ፣ ደግሞ ለ10 በተሠራ ቸርኬ ላይ በአብዛኛው አይገባም። ልዩነቱ 1.85 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ቢሆንም በመዶሻ አይሞላም።

ከማርሹ ሌላ ገዢን የሚያታልለው ክብደት ነው። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ተወዳዳሪዎች ከ6.8 ኪሎ ግራም በታች በሆነ ሳይክል እንዳይወዳደሩ የከለከለው ገና በ2000 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ቁጥር የገዢዎች ሁሉ ሕልም ሆኗል። ሒሳቡ ግን ጨካኝ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ10 ኪሎ ሳይክል የ40 ደቂቃ ዳገት ቢወጣ፣ ከሳይክሉ ላይ አንድ ሙሉ ኪሎ መቀነስ የሚያተርፍለት 30 ሰከንድ ገደማ ነው። ለዚያ ግማሽ ደቂቃ የወራት ደመወዝ የሚከፍል አለ። ቁርሱን ቢያስተካክል አንድ ኪሎ በነጻ ይወርድለት ነበር።

ነፋስ ይቆርጣሉ የሚባሉት ባለ ከፍተኛ ጠርዝ ቸርኬዎችም እዚህ አገር ከስማቸው በታች ናቸው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ዳገት ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚጓዝን ሰው የሚይዘው ነፋስ ሳይሆን ዳገቱ ራሱ ነው። የሳሳው አየር የሚያስቸግረው ሳንባን ነው።

ጎማ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ፍሬሙ የሚያስገባውን ያህል ሰፊ ጎማ ይግባበት። ከ23 ወደ 28 ሚሊ ሜትር መሄድ ኮብልስቶን ላይ የሚሰጠውን ምቾት ብዙ ብር የፈሰሰበት ካርቦን አይሰጥም።

አሁን ወደ አንድ ሰው ታሪክ። ባምቢስ አካባቢ ሒሳብ የሚሠራ አንድ ጎልማሳ የሚስማማው የአሉሚኒየም ሳይክል ነበረው። እሑድ እሑድ ሱሉልታ ደርሶ ይመለስበት ነበር። አሜሪካ ያለ የአክስቱ ልጅ ሲመጣ በሻንጣው አንድ ጥንድ ቸርኬ ይዞለት መጣ፤ ያማረ፣ ጥቁር፣ በጋቢ ተጠቅልሎ የገባ። ቸርኬው የዲስክ ፍሬን ነው። የሰውየው ሳይክል ደግሞ ጠርዙን ነክሶ የሚይዝ ፍሬን ያለው፤ ፍሬሙ ላይ የዲስክ ፍሬን የሚታሰርበት ቦታ የለም። የኋላው አክስል ስፋትም ቸርኬው 142፣ ፍሬሙ 130 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ጊዜ አስተዋይ ሰው ቸርኬውን ሸጦ ያርፋል።

እሱን ግን እልህ ያዘው። ለቸርኬው የሚሆን የፊት ሹካ ገዛ፣ ከዚያ የፍሬን መያዣ፣ ከዚያ ማርሽ፤ በመጨረሻ ፍሬሙን ራሱን ለወጠው። በገበያው የተገኘው ፍሬም ከልኩ በአንድ ቁጥር ይበልጥ ነበር፤ «ኮርቻውን ወደፊት እገፋዋለሁ» ብሎ ወሰደው። ሁለት ወር ሳይሞላው ጣቶቹ መደንዘዝ፣ አንገቱ መድረቅ ጀመረ። የድሮውን ፍሬም ለወንድሙ ልጅ ሰጥቶ ስለነበር ይሉኝታ ይዞት መልሰህ ስጠኝ ማለት አልቻለም። በሁለት ሳይክል ዋጋ አንድ የማይመች ሳይክል ሠራ። ባለቤቱ ስለዚህ ነገር ስትጠየቅ የምትመልሰው አንድ ነው፦ «ቸርኬዋ ቤት ተገዛላት፤ እኛ ገና ተከራይ ነን።»

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ምንዛሪ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሱቅ የገባ ያውቀዋል። ስለዚህ መለዋወጫ በሻንጣ ይጠበቃል፤ ዘመድ ሲመጣ ከፊቱ በፊት ሻንጣው ይታያል። ነውር ነው፤ የሚያመጣውም ሰው የሚመርጠው ያማረውን እንጂ የሚገጥመውን አይደለም። ችግሩ የመለዋወጫ ብቻም አይደለም። ከተማዋ ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ የኮሪደር ልማቱም የብስክሌት መስመር ይዞ መጥቷል። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ግን ነዋሪው ወደ ዳር ሲሄድ፣ በአጥር ሥር ጎማ የሚለጥፈውም ሰው አብሮ ሄደ። መስመሩ ላይ መኪና የሚያቆመው ሰው ብቻ የትም አልሄደም። ብስክሌት የድሃ ነው የሚለው ንቀትም አለ፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን ላይ፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም እንደላከች የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ ማንም ቢከራከረው የማይለቀው መድኃኒት የልብስ ሰፊ ሜትርና አንድ ወረቀት ነው። የሚመች ሳይክል ያለው ሰው ማንኛውንም ነገር ከመንካቱ በፊት ሦስት ልኮችን ይጻፍ፦ ከፔዳሉ መዞሪያ መሃል እስከ ኮርቻው አናት፣ ከኮርቻው አፍንጫ እስከ መሪው፣ መሪው ከኮርቻው ምን ያህል ዝቅ ወይም ከፍ እንደሚል። ምቾቱ ያለው በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ነው፤ ቁጥር ደግሞ ወደ ሌላ ሳይክል ይዛወራል። የኮርቻውን ከፍታ ለማረጋገጥ ተረከዝን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ወደ ታች ሲደርስ እግር ሙሉ በሙሉ መዘርጋቱን፣ ዳሌም አለመወዛወዙን ማየት ነው። በሒሳብ የሚፈልግ ደግሞ ባዶ እግሩን ግድግዳ ተደግፎ፣ መጽሐፍ በጭኖቹ መካከል አጥብቆ ከወለል እስከ መጽሐፉ አናት ይለካና በ0.883 ያባዛው፤ 80 ሴንቲ ሜትር የለካ ሰው ኮርቻው 70.6 አካባቢ ይሆናል።

ልክን ጽፎ ወደ ሌላ ሳይክል ማዛወር የሙያተኛም ልማድ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ከላምፕሬ ሜሪዳ ወደ ባሕሬን ሜሪዳ፣ ከዚያ ወደ ትሬክ ሴጋፍሬዶ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ ሚቸልተን ስኮት ሄዷል። ሜሪዳ፣ ትሬክ፣ ስኮት የሳይክል አምራቾች ስም ናቸው፤ ቡድን ሲለወጥ ሳይክሉም ይለወጣል። በዚያ ዓለም መካኒክ አዲሱን ፍሬም የሚገጣጥመው በጋላቢው የተመዘገበ ልክ ነው።

ሌላ መግዛት የሚገባው መቼ ነው? ፍሬሙ ሲሰነጠቅ፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን አይነዳም። መሪው የሚታሰርበትን አንገት አሳጥሮ ወይም አስረዝሞ ልኩ ካልመጣ፣ ፍሬሙ የሰውየው አይደለም። የዲስክ ፍሬን ወይም ሰፊ ጎማ የግድ ሆኖ ፍሬሙ ካልተቀበለም እንዲሁ። ሥራው ሌላ ከሆነ፣ ልጅ ማድረስ ወይም ዕቃ መጫን ካስፈለገ፣ ርካሽ ሁለተኛ ሳይክል ይገዛል እንጂ የእሑዱ አይቆረጥም። ከዚህ ውጭ የሚገዙትን መለዋወጫዎች ዋጋ ሁሉ፣ የመጨረሻዋን ብሎን ጭምር፣ አንዱንም ሳይገዙ መደመር ነው። ድምሩ እነዚህን ሁሉ ይዞ ከሚመጣ ሳይክል ዋጋ ግማሹን ካለፈ ማደሱን መተው ይሻላል፤ ይህ የአዘጋጁ እምነት ነው፣ የምሕንድስና ሕግ አይደለም።

አዲሱ ሲመጣም አሮጌው ቶሎ አይሸጥ፤ ለዘመድም አይሰጥ። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ፣ መታወቂያ አስይዞ ከሱቁ ደጃፍ አልፎ ዳገት ላይ መሞከር ይገባል። ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ሻጭ አለ።

እስከዚያው አንባቢ አንድ ነገር ያድርግ፤ ነገ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት የኋላውን ትልቁን ጥርስ ይቁጠር። ከ28 ካነሰ፣ ማጠያየቅ ያለበት የካሴት ዋጋ ነው።