ጎማው መሬት እንዲይዝ፦ በላንድክሩዘር 78 እና 79 የፊት እግር ላይ ምን ይሠራ?

ለበረሃና ለገጠር ሥራ የተመደበ ላንድክሩዘር ይዞ ወደ ጋራዥ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ከፍ አድርጉልኝ» ይላል። የሚቸግረው ግን ሌላ ነው። ወደ ኤርታ አሌ በሚወስደው የቅልጥ ድንጋይ ላይ ወይም በኦሞ አካባቢ ባለ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አንዱ የፊት ጎማ ሲወጣ ሌላው አየር ላይ ይቀራል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ይሽከረከራል እንጂ መኪና አይጎትትም። ሞላ ቀይሮ ማስረዘም ይህን ችግር አይፈታም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። ሾክ አብዞርበሩ የድሮው ሆኖ 50 ሚሊ ሜትር የሚያስረዝም ሞላ ከገባ፣ ጎማው ወደ ታች ሊወርድ ከነበረው ርቀት ላይ ያ 50 ሚሊ ሜትር ይቀነሳል። መኪናው ቁመቱ አምሮ፣ እግሩ አጥሮ ይወጣል።

ሥራውን ከመጀመራችን በፊት የፊት እግሩ እንዴት እንደተሠራ እንይ። የድሮው 75 ከፊት ባሌስትራ ነበረው። ከ1999 ወዲህ (በአውሮፓ አቆጣጠር) የመጡት 78 እና 79 ከፊት ሞላ አላቸው፤ የኋላው ባሌስትራ እንዳለ ቀርቷል። የፊት አክስሉ ድፍን ነው። ራዲየስ አርም የሚባሉ ሁለት ክንዶች ከሻንሲው ተነስተው አክስሉን ይይዙታል፤ እያንዳንዱ ክንድ ሻንሲው ላይ በአንድ፣ አክስሉ ላይ ግን በሁለት ብሎን በጎሚኒ ታስሯል። ፓንሃርድ የሚባለው አግዳሚ ዘንግ ደግሞ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ ይጠብቃል።

ቁልፉ ያለው በእነዚያ ሁለት ብሎኖች ላይ ነው። የቀኙ ጎማ ወጥቶ የግራው ሲወርድ የቀኝ ክንድ አክስሉን በአንድ አቅጣጫ፣ የግራው በሌላ አቅጣጫ ሊጠመዝዙት ይፈልጋሉ። አክስሉ ወፍራም ብረት ስለሆነ አይጠመዘዝም። ስለዚህ የሚታዘዘው ጎሚኒው ብቻ ነው፤ ጎሚኒው ተጨምቆ ሲያበቃ እግሩም መንቀሳቀሱን ያቆማል። ላንድክሩዘር 80፣ ኒሳን ፓትሮል Y60 እና Y61፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 የወጣው የመጀመሪያው ሬንጅ ሮቨርም በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ የፊት እግር ተአምር አትጠብቁ። የእኛ ሥራ እግሩ ጎሚኒው እስከሚፈቅደው ድረስ እንዳይሄድ የሚከለክሉትን ነገሮች አንድ በአንድ ማንሳት ነው።

ለዚህ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል። ሻንሲውን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ አሳርፉ፤ ሞላዎቹንና ሾክ አብዞርበሮቹን አውጡ። ከዚያ በአንድ በኩል አክስሉን በክሪክ እያነሳችሁ በሌላው በኩል አውርዱት። ማስቆሚያ ጎማው ሲነካ የሾኩን የላይኛውና የታችኛው መያዣ ርቀት ለኩና ጻፉ፤ ዝቅተኛው ላይም እንዲሁ። ለምሳሌ ከፍተኛው ላይ 380፣ ዝቅተኛው ላይ 610 ሚሊ ሜትር ካገኛችሁ፣ የምትገዙት ሾክ ሙሉ ሲጨመቅ ከ380 ማጠር አለበት፤ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር መጠባበቂያ ይኑረው። ሾኩ ከማስቆሚያ ጎማው ቀድሞ ሙሉ በሙሉ ከተጨመቀ የውስጡ ቫልቭ ይሰበራል፣ የላይኛው መያዣም ይሰነጠቃል። ሲዘረጋ ደግሞ 610 የሚደርስ ይሁን።

አክስሉ በዚያ ጠማማ ሁኔታ ላይ እንዳለ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ። ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል? ፓንሃርዱ ከዲፈረንሻሉ ጋር ይጋጫል? የመሪው ቴስቲና እስከ መጨረሻው ታጥፏል? ወደ ፊት ዲፈረንሻል የሚሄደው የትራስሚሲዮን ዘንግ ክሮቼራው ላይ ታግቷል? ከሁሉ በላይ የፍሬን ቱቦውን በእጃችሁ ዳስሱት፤ የተወጠረ ከሆነ ረጅም ቱቦ ሳይገባ መኪናው ከጋራዥ አይውጣ። ቱቦው የሚበጠሰው ድንጋይ ላይ ሲሆን፣ ፍሬን የሚጠፋው ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ነው።

ከለካችሁ በኋላ ቀላሉ ሥራ የፊት ስታቢላይዘር ባሩ ነው። ይህ ዘንግ የተሠራው ሁለቱ ጎማዎች እንዳይለያዩ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ እንዲለያዩ ነው። ከመጥፎው መንገድ በፊት ፈትታችሁ፣ አስፋልት ላይ ስትመለሱ ግን መልሳችሁ እሰሩት። ፖርቶ መጋላው ላይ ጄሪካንና ድንኳን ጭኖ ያለ ስታቢላይዘር በአስፋልት የሚበር 78 ኩርባ ላይ ሊገለበጥ ይችላል፤ ይህን ለሹፌሩ በግልጽ ንገሩት።

ሞላ ስትመርጡ ከቁመቱ ይልቅ ልስላሴው ይበልጣል። ዊንችና ከባድ የብረት ባምፐር ለሌለው መኪና ለእነሱ የተሠራ ጠንካራ ሞላ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ረጅም ሾክ ሲገባ ሞላው ሙሉ ወርዶ ከመቀመጫው እንዳይወጣም ተመልከቱ።

ጎሚኒ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀለማቸው ያማረ የፖሊዩሬቴን ጎሚኒዎች ለረጅም ዕድሜ ይሸጣሉ፤ እውነትም ይቆያሉ። ነገር ግን ጠንካራ ናቸው፤ የዚህ እግር እንቅስቃሴ ደግሞ በጎሚኒ ልስላሴ ላይ የቆመ ነው። ራዲየስ አርም ላይ የፋብሪካውን የጎማ ዓይነት አስገቡ።

እዚህ ላይ ካስተር፣ ማለትም የመሪው መዞሪያ ዘንግ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት መጠን፣ ይመጣል። መኪናው 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል ክንዶቹ ያዘነብላሉ፤ አክስሉም አብሮ ዞሮ ካስተሩ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። መሪው ወደ መሃል መመለስ ያቅተዋል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናው ይዋዥቃል። ርካሹ መፍትሔ ቀዳዳው ከመሃል የወጣ ጎሚኒ ነው፤ ይህ ግን በአብዛኛው ያው ጠንካራው ዓይነት ስለሆነ በአንድ እጅ የሰጣችሁትን በሌላው ይወስዳል። አቅሙ ካለ ካስተሩ የተስተካከለ ክንድ ከፋብሪካ ጎሚኒ ጋር ይሻላል። ፓንሃርዱም የሚስተካከል ዓይነት ይሁን፤ ካልሆነ አክስሉ ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ይቀራል።

አንዳንድ ቦታ የሚሠራ አንድ ዘዴ አለ፦ ከአንዱ ክንድ ሁለት ብሎኖች አንዱን ማውጣት። እግሩ ወዲያው ይፈታል፤ ለዓይን ያስደስታል። ግን በዚያ ጊዜ ፍሬን ሲያዝ አክስሉ እንዳይዞር የሚይዘው ሌላኛው ክንድ ብቻ ነው። ሰው ለሚጭን መኪና ይህን አታድርጉ፤ ደንበኛው ቢለምናችሁም እምቢ በሉ። የኋላ ዲፈረንሻል ሎክ መግጠም ወይም ጎማውን ወደ 20 ፒኤስአይ አካባቢ ማስተንፈስ ከዚህ ዘዴ የበለጠ መንገድ ያስኬዳል። አስፋልት ሲደረስ መልሶ መንፋት እንዳይረሳ።

ውጤቱን ማወቅ የሚፈልግ ጋራዥ ከብረት የ20 ዲግሪ መወጣጫ ቢያበይድ ጥሩ ነው። አንዱን የፊት ጎማ ብቻ በእሱ ላይ አውጡ፤ ከቀሩት ጎማዎች አንዱ መልቀቅ ሲጀምር ቁሙ። በመወጣጫው ላይ የተሄደውን ርቀት ለጎማዎቹ የፊትና የኋላ ርቀት አካፍላችሁ በ1000 አባዙ። የ78 ርቀት 2980 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ 1490 ከወጣ ውጤቱ 500 ነው። ከሥራው በፊትና በኋላ ለክታችሁ ለባለቤቱ ቁጥሩን አሳዩት።

ስትገጥሙ የክንዶቹንና የፓንሃርዱን ብሎኖች መኪናው ተሰቅሎ ሳለ አታጥብቋቸው። ዳዶውን በእጅ ብቻ አስይዙ፤ መኪናውን በጎማው አቁሙ፤ ፊቱን ጥቂት ጊዜ ጫን ጫን አድርጋችሁ ካረፈ በኋላ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። ተሰቅሎ የጠበቀ ጎሚኒ መኪናው ሲያርፍ ተጠምዝዞ ይቀመጣል፤ ገና መንገድ ሳይወጣ ተወጥሯል፣ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ መኪናውን መልሳችሁ ጥሩ፤ ብሎኖቹን ዳግም ለኩ፣ የፍሬን ቱቦው ላይ የመፈግፈግ ምልክት እንዳለ እዩ፣ ካስተሩንም አላይመንት ማሽን ላይ አስለኩ።