የወጪ መጋራት ዕዳና የአርሶ አደር ቤተሰብ፦ የግሸን አካባቢን እንደ ማሳያ

አኅጽሮተ ጥናት

ኢትዮጵያ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የምትሠራበት የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ሥርዓት ክፍያውን ከምሩቁ ገቢ ጋር ስለሚያያይዝ፣ በአወቃቀሩ ከብዙ አገሮች የተማሪ ብድር ያነሰ ሥጋት አለው። ይህ ጽሑፍ የሥርዓቱን ድንጋጌና አፈጻጸም በማነጻጸር፣ የትምህርት ማስረጃን ዕዳው እስኪጠናቀቅ ይዞ ማቆየት ሥጋቱን መልሶ በቤተሰብ ላይ እንደሚጥለው ያመለክታል። ትንተናው በሕግ ማዕቀፉ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በደቡብ ወሎ ዞን በአምባሰል ወረዳ የሚገኘው ግሸን ለማሳያነት ተወስዷል።

1. መግቢያ

ትምህርት በወሎ ምድር ያለ ወጪ የተገኘበት ዘመን የለም፤ ከዘመን ዘመን የተለዋወጠው ወጪውን የሚሸከመው ወገን ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካስፋፉት ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጀምሮ እስከ ግሸን ደብረ ከርቤ ድረስ፣ በአካባቢው የዘለቀው የቤተ ክህነት ትምህርት የተደገፈው በሕዝብ ምጽዋት ነው። የቆሎ ተማሪው ምግቡን ከየመንደሩ ለምኖ ያገኛል፤ ማደሪያውን ራሱ በሠራት ጎጆ ያደርጋል። ኑሮው መራራ ቢሆንም፣ ተምሮ ሲወጣ በስሙ የተመዘገበ ዕዳ የለበትም።

በ1943 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ሸክሙ ወደ መንግሥት ተሻገረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት አሥርት ዓመታት የመደበኛ ተማሪዎች ወጪ በመሠረቱ በሕዝብ ሀብት ይሸፈን ነበር። ተማሪው ውለታውን የሚመልስበት መንገድ ከነበረ አገልግሎት ነው፤ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ ያደረገው በዚህ መንፈስ ነበር። ሦስተኛው ምዕራፍ፣ ማለትም ተማሪው ራሱ ከፊል ከፋይ የሆነበት ዘመን፣ በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ተከፈተ።

2. የሥርዓቱ አወቃቀር

አዋጁን ተከትሎ የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ተጠቃሚው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከማስተማሪያ ወጪው ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ደነገገ። ክፍያው «የምሩቃን ግብር» በሚል ስያሜ፣ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ ይፈጸማል፤ የመክፈያው ዘመንም ከ15 ዓመት እንዳይበልጥ ተገድቧል። ቀጣሪው ከደመወዝ ቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስተላልፋል። እንደ መምህርነት ባሉ ሙያዎች የሚሠማሩ ምሩቃንም ግዴታቸውን በአገልግሎት የሚወጡበት መንገድ ተቀምጧል። በኋላ የወጡ ደንቦች ይህንን መሠረታዊ አወቃቀር ይዘው ቀጥለዋል።

ስያሜው ግብር ቢሆንም፣ ክፍያው የተወሰነ ዕዳ ሲጠናቀቅ የሚያበቃ በመሆኑ በባሕርዩ በገቢ ላይ የተመሠረተ ብድር ነው። አርአያው አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረችው ሥርዓት ሲሆን፣ በዚያ ሥርዓት ቀረጻ የታወቁት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ብሩስ ቻፕማን የኢትዮጵያን ዕቅድም አጥንተዋል።

የአወቃቀሩ ጥቅም ከአሜሪካ ልምድ ጋር ሲነጻጸር ይጎላል። በአሜሪካ የተለመደው የመክፈያ ስልት በ10 ዓመት የሚያልቅ ቋሚ የወር ክፍያ ነው፤ ተበዳሪው ሥራ ቢያጣም የክፍያው ቀን ይደርሳል፤ ዕዳውንም በኪሳራ ሕግ ማሰረዝ እጅግ አዳጋች ነው። የአገሪቱ የተማሪ ዕዳ ጠቅላላ ድምር ከ1.7 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። በኢትዮጵያው ድንጋጌ ግን ገቢ የሌለው ምሩቅ የሚቀነስበት ነገር የለም። ሥራ የማጣት ሥጋቱን የሚሸከመው አበዳሪው፣ ማለትም መንግሥት ነው።

3. ሥጋቱ ወደ ቤተሰብ የሚመለስበት መንገድ

ይህ ጥበቃ ግን በአፈጻጸም ይሸረሸራል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በተለመደው አሠራር ምሩቁ ሲመረቅ ጊዜያዊ ማስረጃ ይሰጠዋል፤ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት የሚያገኘው የወጪ መጋራት ዕዳውን ስለማጠናቀቁ ማረጋገጫ ሲያቀርብ ነው። ጊዜያዊው ማስረጃ ለብዙ የአገር ውስጥ ቅጥሮች ይበቃል። ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ወይም ሥራ ግን ዋናው ማስረጃ ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ «ገቢ ስታገኝ ትከፍላለህ» የሚለው ውል «ገቢ ለማግኘት አስቀድመህ ክፈል» ወደሚል ይገለበጣል።

ልዩነቱን በታሰበ ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ምሩቅ 30,000 ብር ዕዳና 6,000 ብር የወር ደመወዝ ቢኖረው፣ በየወሩ 600 ብር እየተቀነሰበት በ50 ወር ይጨርሳል፤ ሥራ ባጣባቸው ወራት ምንም አይከፍልም። ሥራ ሳይዝ ማስረጃውን ለማስለቀቅ ቤተሰቡ ያንኑ ገንዘብ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ለአንድ ዓመት ቢበደር ግን 35,400 ብር ይመልሳል፤ በወር ሲሰላ 2,950 ብር ነው። ዝናቡ ቢቀርም ሰብሉ ቢበላሽም የክፍያው ቀን አይራዘምም። ለዘብተኛው የመንግሥት ዕዳ ጥብቅ የቤተሰብ ዕዳ ሆነ ማለት ነው።

የግሸን ማሳያነት እዚህ ላይ ነው። አካባቢው በገደል የታጠረ ደጋ ሲሆን፣ ቤተሰቡ የሚተዳደረው በአነስተኛ ማሳና በጥቂት ከብት ነው፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የሚመጣው ምእመን ለአንዳንዱ የወቅት ገቢ ቢያስገኝም፣ ዓመቱን የሚያዘልቅ አይደለም። እንዲህ ያለ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ብዙ ሺህ ብር የሚያገኝባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ በሬ መሸጥ፣ መሬት ማከራየት ወይም መበደር። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተሳስሮ በሚኖርበት ወሎ፣ በሃይማኖቱ ምክንያት ከወለድ የሚርቀው ቤተሰብ ምርጫው ይበልጥ ይጠብበታል። በሬውን የሸጠ ገበሬ ደግሞ ለመጪው ክረምት የሚያርስበትን አጥቷል።

ሌላው ጉዳይ የዕዳው መጠን በተማሪው እጅ አለመሆኑ ነው። የምግብ ወጪ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ድርሻ በመሆኑ የገበያ ዋጋ ሲንር የኋለኛው ተማሪ ዕዳም ይንራል። ዕዳው ከፍ ባለ ቁጥር ማስረጃን የማስለቀቂያው ዋጋም አብሮ ይጨምራል።

4. የመያዣው አመክንዮ

ማስረጃን መያዝ ግን ያለ ምክንያት የመጣ አሠራር አይደለም። ከደመወዝ የሚቀነስ ክፍያ የሚሠራው ምሩቁ በተመዘገበ ቀጣሪ ዘንድ ሲሠራ ነው። በግል ንግድ ወይም መደበኛ ባልሆነ ሥራ የተሠማራውን፣ ከአገር የወጣውንም የግብር ሥርዓቱ በቀላሉ አያገኘውም። ከዚህም በላይ የፍትሕ ጥያቄ አለ፤ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት ያልታደለው የአምባሰል ገበሬም ግብር ይከፍላል። በእርሱ ገንዘብ የተማረ ሰው ድርሻውን ሳይመልስ ቢቀር ድሀው ለተሻለው ከፈለ ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ዕዳው ይከፈል ወይስ ይቅር የሚል አይደለም፤ ምን መያዣ ይደረግበት የሚል ነው።

የማስረጃ መያዣ ደካማነቱ ክብደቱ እኩል አለመሆኑ ነው። ወላጁ ነጋዴ ወይም ደመወዝተኛ የሆነው ምሩቅ ገንዘቡን ከፍሎ በቀናት ውስጥ ማስረጃውን ይረከባል፤ የአርሶ አደሩ ልጅ ዕድሉ ያልፈዋል። ክፍያውን ለማስጠበቅ የታሰበው ስልት ከፋዩን ከተሻለ ገቢ ሲያርቀው ራሱን ክፍያውንም ያዘገያል።

5. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ትንተና የወጪ መጋራት ሥርዓቱ ችግር ከመርሑ ይልቅ ከመያዣው እንደሚመነጭ ያመለክታል። ከዚህ በመነሣት ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ዕዳው በምሩቁ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና በፋይዳ መታወቂያው ተመዝግቦ፣ ዋናው ማስረጃ በምረቃ ጊዜ ቢሰጥ፤ ወደ ውጭ ለሚሄዱትም ማስረጃውን ከመያዝ ይልቅ የክፍያ ውል ቢፈረም። ሁለተኛ፣ እንደ አውስትራሊያ ሁሉ ከተወሰነ የገቢ ወለል በታች ያለ ምሩቅ ክፍያ የማይጠየቅበት ድንጋጌ ቢታሰብ። ሦስተኛ፣ ተማሪው ውሉን ሲፈርም የየዓመቱ ድርሻው በብር ተሰልቶ፣ ወላጅ በሚረዳው ቋንቋ ቢገለጽ።

የቆሎ ተማሪው የሚማረው መንደሩ ያለውን እየቆረሰ ስለሚሰጠው ነው፤ ያልተሰበሰበ እህል ግን አይጠየቅም። ወጪ መጋራትም በሕጉ የገባው ቃል ይኸው ነው፤ ካለው ላይ እንዲከፈል። አፈጻጸሙ ከዚህ ቃል ጋር እስኪጣጣም ድረስ፣ ዕዳው በምሩቁ ስም ቢመዘገብም የሚከፍለው የወላጁ በሬ ሆኖ ይቀጥላል።