ከሙሉ ማደንዘዣ በፊት የሚሰጥ ኦክስጅን፦ ጥቅሙና ጉዳቱ

ሙሉ ማደንዘዣ የሚሰጠው ሕመምተኛ ከመደንዘዙ በፊት ጭንብል ተደርጎለት ለሦስት ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳል። መድኃኒቱ ትንፋሹን ካቆመው በኋላ ባለሙያው የመተንፈሻ ቱቦ እስኪያስገባለት ድረስ የሚቆየው በሳንባው በያዘው ስንቅ ነው። ይህ ስንቅ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚበቃ በቀላል ስሌት እንመልከት።

በጀርባው ተኝቶ የደነዘዘ ጎልማሳ ትንፋሹን ካወጣ በኋላ በሳንባው 2 ሊትር ያህል ጋዝ ይቀራል። ሰውነቱ በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይፈጃል። ሲተነፍስ የነበረው ተራ አየር ከሆነ፣ በሳንባው ከቀረው ጋዝ ኦክስጅኑ 13 በመቶ ገደማ፣ ማለትም 260 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ስንቁ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ናይትሮጅኑ በኦክስጅን ሲተካ ግን ድርሻው ወደ 88 በመቶ ያድጋል፤ ስንቁም ለሰባት ደቂቃ ያህል ይበቃል።

ይሁን እንጂ ከሳንባ የተባረረው ናይትሮጅን ሥራ ፈት አልነበረም። ደም አስቀድሞ በናይትሮጅን የጠገበ በመሆኑ ይህ ጋዝ በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ ቀርቶ እንደ ምሰሶ ይደግፋቸዋል። ማደንዘዣው ጡንቻዎችን ሲያላላ በሳንባ የታችኛው ክፍል ያሉ ቀጫጭን የአየር መተላለፊያዎች ይዘጋሉ። ከዚያ ወዲያ የቀረው ጋዝ ኦክስጅን ብቻ ከሆነ ደም በደቂቃዎች ውስጥ መጥጦ ይወስደዋል፤ ከረጢቶቹም ይታጠፋሉ። በዙሪያቸው የሚያልፈው ደምም ኦክስጅን ሳያገኝ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የስዊድን ጥናት ሁለቱን ወገን በቁጥር አነጻጽሯል። 100፣ 80 እና 60 በመቶ ኦክስጅን የተሰጣቸው ሴቶች የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ወደ 90 በመቶ እስኪወርድ በቅደም ተከተል በአማካይ 411፣ 303 እና 213 ሴኮንድ ቆይተዋል። በሲቲ ስካን የታየው የታጠፈ የሳንባ ስፋትም 5.6፣ 0.6 እና 0.2 በመቶ ነበር።

ከላይ ያለው ስሌታችን ለባሕር ጠለል የተሠራ ነው። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ፣ እዚህ ሰባቱ ደቂቃ ወደ አምስት ይወርዳል። ስለዚህ በደጋ አገር የኦክስጅኑን መጠን መቀነስ ከቆላው ይልቅ ያሰጋል።

የታጠፈ ሳንባ በማሽን ግፊት ተመልሶ ይነፋል፤ ቱቦው ከገባ በኋላም የኦክስጅኑን መጠን መቀነስ ይቻላል። በኦክስጅን እጦት የሞተ የአንጎል ሕዋስ ግን አይመለስም። ባለሙያዎች ጉዳቱን እያወቁ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ንጹሕ ኦክስጅንን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው።