«መጠነኛ» ስንት ነው?

አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት መጣና አባቱን ጠየቀ። «አባዬ፣ ዛሬ በእንግሊዝኛ ‹ሞደሬት› የሚባል ቃል ተማርን። መምህሩ ትርጉሙን ፈልጋችሁ ኑ አሉን። ምን ማለት ነው?» አለ። አባት እንግሊዝኛ አያውቅም። ነገር ግን ፊደል ቆጥሯል፤ የአማርኛ ጽሑፍም ያነባል። ስለዚህ ልጁ የያዘውን መዝገበ ቃላት ተቀበለና በአማርኛ የተጻፈውን ቀስ ብሎ አነበበ። መጠነኛ፣ መካከለኛ፣ ልከኛ፣ ለዘብተኛ ይላል። አባት ጥቂት አሰበና «ታዲያ ይኼ ሁሉ አንድ ነው እንዴ?» አለ።

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛም በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን ቋንቋ የመጣ ነው። ሥሩም ልክ ወይም መስፈሪያ ማለት ነው። የእኛ «መጠነኛ» ደግሞ «መጠን» ከሚለው ቃል ይወጣል። «መጠን» ከግዕዝ የወረስነው ቃል ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል። ያልበዛ፣ ያላነሰ ለማለት መጀመሪያ መስፈሪያ ያስፈልጋል። ቁና ሳይኖር ሞላ ጎደለ አይባልም።

ይሁን እንጂ ቃላቱ እንደ ወንድማማች ናቸው እንጂ አንድ ሰው አይደሉም። «መካከለኛ» የምንለው ከግራና ከቀኝ ሌላ ነገር ሲኖር ነው። ትልቅ በሬና ትንሽ በሬ ካለ፣ በመሐል ያለው መካከለኛ ነው። «ልከኛ» ግን ከሌላው ጋር የሚገጥም ማለት ነው። ቀንበሩ ለበሬው ልከኛ ነው እንላለን። «ለዘብተኛ» ለሰው ጠባይና ለአቋም የሚሆን ቃል ነው። በሽምግልና ላይ ነገር የማያከር፣ የሁለቱንም ወገን ቃል የሚሰማ ሰው ለዘብተኛ ይባላል። ለዘብተኛ ጨው የሚል ግን የለም። «ቁጥብ» ደግሞ እጁን ወይም አንደበቱን የሚይዝ ሰው ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቁጥብ ማለት ምስጋና ሲሆን፣ ንፉግ ማለት ስድብ ነው። አንዱን ሰው ወዳጁ ቁጥብ፣ ጠላቱ ንፉግ ሊለው ይችላል።

«በቂ» የሚለውንም ቃል ከነዚህ ጋር የሚቀላቅሉ አሉ። በቂ ማለት ለጉዳዩ የሚያደርስ ማለት ነው። ዐሥር ሰው ላለበት ቤት በቂ እህል ብዙ እህል ነው። መጠነኛ አይደለም።

አማርኛችን ነገርን ለማለዘብ ሌላም ዘዴ አለው። ረዥም፣ ረዘም ያለ። ጥቁር፣ ጠቆር ያለ። ቀይ፣ ቀላ ያለ። ውሃ ሲሆንማ ምኑ ቅጡ! ቀዝቃዛ፣ ለብ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ትኩስ፣ የፈላ እንላለን። ሊጥ የምታቦካ እናት ለብ ያለው ምን ያህል እንደሆነ እጇ ያውቀዋል፤ መለኪያ አትፈልግም። ስለ ጠጪ ሰው ስናወራ ደግሞ «ሞቅ ብሎታል» እንላለን። ሰክሯል ላለማለት ነው። እሱም ሲጠየቅ «ኧረ በመጠኑ ነው የጠጣሁት» ይላል። እንግዲህ የልክ ቃል መሸፋፈኛም ይሆናል ማለት ነው። ጉዳቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ከጤና እንጀምር። ሕፃን ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ከሰውነቱ ውሃና ጨው ይወጣል። ይህን ለመተካት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦ.አር.ኤስ. የሚባል በፓኬት የታሸገ ዱቄት ይሰጣል። አንዲት እናት «በመጠነኛ ውሃ በጥብጪው» ብትባል ምን ታደርጋለች? አንዷ በሲኒ ትበጠብጠዋለች፣ ሌላዋ በእንስራ። ውሃው ሲያንስ ጨው በሕፃኑ ደም ውስጥ በዝቶ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ውሃው ሲበዛ ደግሞ መድኃኒቱ አይሠራም። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ የተጻፈው «መጠነኛ» የሚል ቃል ሳይሆን ቁጥር ነው። ብዙውን ጊዜ አንዱ ፓኬት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ለአነስተኛ ውሃ የተዘጋጀ ፓኬትም ስላለ፣ ሳያነቡ መበጥበጥ አይገባም። ሃይላንድ የምንለው የፕላስቲክ ጠርሙስም ግማሽ ሊትር፣ 1 ሊትር፣ 2 ሊትር የሚይዝ አለና ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ ካደረ ይደፋ።

ፓኬቱ ከጠፋ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመራል። ማንኪያው መቆለል የለበትም፤ አፉ በቢላ ይስተካከል። ልጁ ከደከመ ወይም መጠጣት ካቃተው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው እንጂ ቤት ማቆየት አይገባም።

ስለ ዝናብም እንናገር። ሬዲዮ ስንከፍት «ከቀላል እስከ መካከለኛ መጠን ያለው ዝናብ ይጥላል» ሲል እንሰማለን። ሌላ ቀን ደግሞ «የክረምቱ ዝናብ መደበኛ ይሆናል» ይላል። ብዙዎቻችን ሁለቱን አንድ አድርገን እንሰማቸዋለን። መካከለኛ የሚባለው በአንድ ቀን ውስጥ የሚጥለው ዝናብ ብዛት ነው። መደበኛ የሚባለው ግን በዚያው አካባቢ ለብዙ ዓመታት፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ30 ዓመት፣ ከተለካው አማካይ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ስለዚህ ለቆላ መደበኛ የሆነው ዝናብ ለደጋ ድርቅ ሊሆን ይችላል። መደበኛ ተብሏል ብሎ ቆላ ላይ የደጋ ዘር የሚዘራ ሰው፣ ሬዲዮው ዋሽቶት ሳይሆን ቃሉ አሳስቶት ይከስራል። ዝናብ የሚለካው በሚሊሜትር ነው። 1 ሚሊሜትር ዘነበ ማለት፣ ርዝመቱም ወርዱም አንድ አንድ ሜትር በሆነ መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። 20 ሚሊሜትር ከሆነ 20 ሊትር ነው፤ አንድ ጀሪካን ያህል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የብድር ወረቀት ነው። ድሮ ጣታችንን ቀለም ነክረን ስንፈርም የተጻፈውን አናውቅም ነበር። ዛሬ እናነባለን። ወረቀቱም «ተበዳሪው መጠነኛ ወለድ ይከፍላል» ቢል፣ ቃሉ ለጆሮ ደስ ስለሚል እንፈርማለን። መጠነኛ ለማን? ለአበዳሪው በወር ከ100 ብር ላይ 10 ብር መጠነኛ ሊመስለው ይችላል። እስቲ እናስላው። 1,000 ብር የተበደረ ሰው በወር 100 ብር ወለድ ይከፍላል። በዓመት 1,200 ብር ይሆናል። ወለዱ ዋናውን ገንዘብ አለፈው፤ ዋናው 1,000 ብር ግን ገና አልተነካም። ይኼ ሰው በሬውን ሸጦ ቢከፍል እንኳ በሚቀጥለው ዓመት በምን ያርሳል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲበዳደሩ ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሕጉ «መጠነኛ ይሁን» አላለም፤ 12 ብሎ ቆርጦ አስቀመጠው። በዚህ ሒሳብ የ1,000 ብር ወለድ በዓመት 120 ብር ነው። 1,200 ብርና 120 ብር፣ ሁለቱም በአንድ ቃል «መጠነኛ» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ።

የመሬት ኪራይ ውልም እንዲሁ ነው። ጥማድ የምንለው ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰውን መሬት ስለሆነ፣ እንደ በሬውና እንደ አፈሩ ይሰፋል፣ ይጠባል። ብዙውን ጊዜ የሄክታር ሩብ ያህል ተብሎ ይገመታል። ነገር ግን ግምት ነው። ውሉ ላይ ጥማድ ከተጻፈ፣ ከጎኑ ስንት ሜትር በስንት ሜትር እንደሆነ፣ አዋሳኞቹም እነማን እንደሆኑ ይጻፍ።

እንግዲህ አሁን በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ አውጡ። የመድኃኒት ካርቶን፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የብድር ውል፣ ያገኛችሁትን ሁሉ። «መጠን»፣ «መጠነኛ»፣ «በመጠኑ» የሚሉትን ቃላት ፈልጋችሁ በእርሳስ አስምሩባቸው። ከዚያም አጠገባቸው ቁጥር አለ ወይስ የለም ብላችሁ ተመልከቱ። ቁጥር ያጣችሁበትን ወረቀት ለይታችሁ፣ የመድኃኒቱን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የማዳበሪያውን ለግብርና ባለሙያ፣ የውሉን ደግሞ ለጻፈው ሰው አሳዩና «ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።