ሕመምን ማየትና ለሕመም ስም መስጠት



በዚህ ዕትም የምናቀርበው ትምህርት የአእምሮ ሕመም እንዴት ተለይቶ እንደሚታወቅ የሚመለከት ነው። ጉዳዩ ለሐኪሞች ብቻ የተተወ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በሂርናም ሆነ በጭሮ፣ በአካባቢያቸው ባሉ ከተሞችም፣ አእምሮው የታወከ ሰው ከሐኪም ፊት ከመቅረቡ በፊት ለሕመሙ ስም የሚያወጡለት ብዙዎች ናቸው፤ ቤተ ዘመድ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ አንዳንድ ጊዜም እኛው የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች እንገኝበታለን። ለዚህም ምክንያት ነበረው። ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገራችን ራሱን የቻለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ከሂርና እስከዚያ ያለው መንገድ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሐኪም ሩቅ በሆነበት አገር ስም ሰጪው ቅርብ ያለው ሰው መሆኑ አያስደንቅም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሕመምተኛው ራሱ ለራሱ ስም ማውጣት ጀምሯል። ቀድሞ «ከፋኝ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «ጨነቀኝ» ይባል የነበረው ዛሬ በወጣቶቻችን አንደበት «ዲፕሬሽን አለብኝ»፣ «ባይፖላር ሳልሆን አልቀርም» ይባላል። ቃሉ የተገኘው በእጅ ስልክ ላይ ከታየ አጭር ምስል ወይም ከጥቂት ጥያቄዎች መልስ ነው። በዚህ ልንሳለቅ አይገባንም። «እብድ»፣ «ንክ»፣ «የለከፈው» የሚሉት የቀድሞ ስሞች ስንቱን ቤት ውስጥ አስቀርተው እንደነበር እናውቃለን፤ አንድ ወጣት ሕመሙን ሳያፍርበት መናገሩ መልካም ነው። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ሕመም እንዳለ ማየትና የሕመሙን ስም ማወቅ አንድ ናቸውን?

ሐኪሞች ድባቴ ስለሚሉት ሕመም የሚጠቀሙበትን መለኪያ ብንመለከት መልሱ ይገኛል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛ መመሪያ ዘጠኝ ምልክቶች ተዘርዝረዋል፤ የመንፈስ መጨፍገግ፣ ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረ ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን ያለ ልክ መኰነን፣ የእንቅስቃሴ መፍዘዝ ወይም መቅበጥበጥ፣ በመጨረሻም ሞትን ማሰብ። ከእነዚህ ቢያንስ አምስቱ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ሊታዩ ይገባል፤ ከአምስቱም አንዱ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መሆን አለበት። እስከዚህ ያለውን ሁሉም ያነባል። ነገር ግን ከዝርዝሩ በኋላ ሌሎች መስመሮች አሉ። ሁኔታው የሰውየውን ሥራና ኑሮ የሚያውክ መሆን አለበት፤ ሰውየው ከወሰደው ነገር ወይም ከሌላ የአካል በሽታ የመጣ መሆን የለበትም፤ ከዚህ በፊትም ከልክ ያለፈ የደስታና የመቅበጥበጥ ወቅት አጋጥሞት ከነበረ ስሙ ይለወጣል። ራሱን የሚመረምር ሰው ዝርዝሩን ቆጥሮ ይነሣል እንጂ ወደ እነዚህ መስመሮች አይደርስም።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ክብደት ያላቸው እነዚሁ መስመሮች ናቸው። አንድ የሂርና ወጣት ከቀትር በኋላ በርጫ ይቀመጣል እንበል። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ፤ ምርቃናውን የሚያመጣው እርሱ ነው። ምሽት ላይ ምግብ አይበላለትም፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደውም፤ በማግሥቱ ደክሞት ይውላል፣ የሚያነበው አይገባውም፣ ከሀራራው ጋር ሆዱ ይብሰዋል። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድካም፣ የሐሳብ መበተን፣ ጭፍግግታ፤ ቢቈጠር አምስት ሞላ። በየቀኑ የሚቅም ከሆነ ሁለቱ ሳምንትም ሞልቷል። ስልኩ «ድባቴ አለብህ» ይለዋል፤ እርሱም ያምናል። ምናልባትም እውነት ሊሆን ይችላል! ድባቴ ያለበት ሰው ሕመሙን ለማስታገሥ ሲል ጫት የሚያዘወትርበት ጊዜ አለና። የትኛው ቀደመ? ጫቱን ለጥቂት ሳምንታት ቢተው ምን ይቀራል? ይህን የሚለየው የምልክቶች ቁጥር ሳይሆን የነገሩ ታሪክ ነው፤ ታሪኩንም ከሕመምተኛው በተጨማሪ ከእናቱ ወይም ከሚስቱ መስማት ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ብዙ ቅሞ እንቅልፍ ሲያጣ ሰውን መጠርጠርና የሌለ ድምፅ መስማት ይጀምራል፤ ይህ ሲተው የሚለቅ ሊሆን ይችላል፣ አስቀድሞ የነበረን ከባድ ሕመም የቀሰቀሰም ሊሆን ይችላል። (ጫት የብዙ ቤተሰቦቻችን እንጀራ መሆኑን እናውቃለን፤ እዚህ ስለ ጫት ፍርድ ልንሰጥ አልተነሣንም።)

የአካል በሽታም እንዲሁ መልኩን ለውጦ ይመጣል። ከእንቅርት ጋር የሚያያዘው የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲበዛ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውየው «ጭንቀት ያዘኝ» ይላል፤ ሥራው ሲቀንስ ደግሞ ድካምና ድባቴ ይመስላል። ደሟ ያነሰ እናት «ምንም ነገር አያስደስተኝም» ትላለች። የወባ ትኩሳት ወደ አንጎል ሲወጣ የሚያስቀባጥር መሆኑን ወደ ቆላ የሚወርድ ሁሉ ያውቃል። የሚጥል በሽታም ከአእምሮ ሕመም ጋር ሲምታታ ኖሯል። ይህን ሁሉ በስልክ መጠይቅ መለየት አይቻልም፤ የሰውነት ምርመራና የደም ናሙና ይጠይቃል።

ስለ ባይፖላር አንድ ነገር እንጨምር። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ርዳታ የሚፈልገው መንፈሱ በወደቀበት ወቅት ነው። ከዚያ በፊት ሳይተኛ ሲያድር፣ ገንዘቡን ሲበትን፣ ያለ ማቋረጥ ሲናገር የሰነበተበትን ጊዜ እንደ ሕመም ስለማይቈጥረው አይናገረውም፤ «ያኔማ ደኅና ነበርኩ» ይላል። ራሱን መርምሮ «ድባቴ ነው» ብሎ ከጎረቤት የተረፈ አሚትሪፕቲሊን ወስዶ ቢውጥ፣ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ወደዚያ ወደ ከረረው ወቅት ሊገፋው ይችላል። መድኃኒቱም ከመጠኑ ሲያልፍ ለልብ አደገኛ ነው። የስም ስሕተት የመድኃኒት ስሕተት የሚሆነው እንዲህ ነው።

አንድን ሕመም ለይቶ ለማወቅ ስንት ዓይን እንደሚያስፈልግ በአገራችን የተደረጉ ሁለት ጥናቶች በሚገባ ያሳያሉ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደው ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 በሆነ 68,378 ነዋሪዎች መካከል ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለማግኘት ሁለት መንገድ ተያዘ። በአንድ በኩል የሠለጠኑ ጠያቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ መጠይቅ አቀረቡ፤ በሌላ በኩል የመንደሩን ሰው ጠንቅቀው የሚያውቁ ነዋሪዎች «እገሌን እዩት» እንዲሉ ተጠየቁ። በሁለቱም መንገድ የተገኘው ሰው ግን ገና ተጠርጣሪ እንጂ ሕመምተኛ አልተባለም፤ ስሙ የተሰጠው ባለ ሙያዎች በሌላ ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ካዩት በኋላ ነው። በመጨረሻ ስኪዞፍሬኒያ እንዳለባቸው የተረጋገጠው 321 ነበሩ፤ ከእነርሱም ቀደም ሲል የሕክምና መድኃኒት አግኝተው የሚያውቁት ከአሥር አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ነው፤ የተደረገው በቦረና ኦሮሞ አርብቶ አደሮች መካከል ነውና። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው የመጀመሪያ ጥናት ከ1,800 በላይ ሰዎችን በዓለም አቀፍ መጠይቅ ጠይቆ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት አንድም ሰው አላገኘም። ነገሩ ያጠራጠራቸው ተመራማሪዎች ተመልሰው ሕዝቡን በራሱ ቋንቋ «እናንተ የአእምሮ ሕመም የምትሉት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሕዝቡም በሂርናም የሚታወቀውን «ማራታ» የሚለውን ቃል ነገራቸው፤ ሰዎችንም ጠቆመ። ባለ ሙያዎች ሲመረምሯቸው የለም የተባለው ሕመም አለ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ነገር ግን የሕዝቡም ቃል ሙሉ አልነበረም፤ «ማራታ» የሚባለው በግልጽ የሚታወከው ሰው ነበር። ጥግ ይዞ ዝም ያለው፣ ከሰው የተለየው፣ በቃሉ ውስጥ አልገባም።

እንግዲህ መጠይቁ ጎረቤት የሚያየውን ሳተ፤ የጎረቤት ዓይን ደግሞ ዝምተኛውን ሳተ። ስልክ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የሚመልስ ወጣት ሁለቱም ስሕተት በአንድነት ሊደርስበት ይችላል።

ስለ መጠይቅ ከተነሣ፣ ዘጠኙን የድባቴ ምልክቶች የሚጠይቅ፣ ለእያንዳንዱም ከ0 እስከ 3 ነጥብ የሚሰጥ የታወቀ መጠይቅ አለ፤ በአማርኛ ተተርጉሞም በአዲስ አበባ ተፈትኗል። መጠይቁ ጥሩ ወንፊት ነው። ወንፊት ግን ፈራጅ አይደለም። ነገሩ እንዲገባን አንድ የሐሳብ ምሳሌ በቁጥር እንውሰድ። ከ100 ሰዎች 10ሩ በእርግጥ ታመዋል እንበል። መጠይቁ ከ10ሩ 8ቱን ያገኛል፤ ካልታመሙት 90ዎቹ ደግሞ ከየአምስቱ አንዱን፣ ማለትም 18ቱን፣ በስሕተት ይይዛል። «አለብህ» የተባሉት 26 ሆኑ፤ በእርግጥ የታመሙት ግን ከእነርሱ 8 ብቻ ናቸው። ሁለቱ ሕመምተኞች «ደኅና ነህ» ተብለው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። እናንት መምህራን፣ ይህን ስሌት ለወጣቶች በሰሌዳ ላይ ብታሳዩአቸው ከረጅም ስብከት ይልቅ ይገባቸዋል ብለን እናምናለን።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከባዱ ሕመም ብዙውን ጊዜ ራሱን ይሰውራል። የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሰው ድምፁ እውነት ስለሚሆንበት «ታምሜአለሁ» አይልም። ስለዚህ «እኔ ደኅና ነኝ፣ የታመማችሁት እናንተ ናችሁ» ማለትም ራስን መመርመር ነው፤ ያውም አስቸጋሪው። ይህን ስንል ሕመሙን የሚናገር ሁሉ ቀላል ሕመም ነው ያለበት ማለታችን አይደለም። ስሙን ቢስትም ሥቃዩን ላይስት ይችላልና፣ «ይህ የስልክ ወሬ ነው» ብሎ መመለስ ትልቅ በደል ነው።

እኛም የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስም ለመስጠት ከመቸኰል ነጻ አይደለንም፤ የእኛ ፈተና «ርኩስ መንፈስ ነው» ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን በዚህ ላይ ጥንቃቄዋ ብርቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1673 የአእምሮ ሕመም ሌላ ጉዳይ መሆኑን፣ እርሱን ማከምም የሕክምና ሳይንስ ድርሻ መሆኑን ያስተምራል፤ ርኩስ መንፈስ የማስወጣት ሥርዓት ከመፈጸሙ በፊት ነገሩ ሕመም አለመሆኑ ሊረጋገጥ ይገባል ይላል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሕገ ቀኖናም በቁጥር 1172 ካህን እንኳ ያለ ጳጳሱ ልዩና ግልጽ ፈቃድ ይህን እንዳይፈጽም ይከለክላል። ካህን የማይደፍረውን መምህር ሊደፍረው አይገባም። ስለ ሕመምተኛው መጸለይ ግን ከማንም አልተከለከለም፤ ጸሎቱ ይቀጥል፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ።

ታዲያ መምህሩ ምን ያድርግ? ያየውን ይጻፍ፤ ስሙን ይተው። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ለውጡ መቼ ጀመረ፣ በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? እንቅልፉና ምግቡ እንዴት ነው? ጫትና መጠጥ በሳምንት ስንት ቀን? ትኩሳት፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የሚጥል በሽታ ነበረበት? ሴት ከሆነች በቅርቡ ወልዳለች? ምን መድኃኒት ይወስዳል? ከቤተሰቡ እንዲህ የታመመ ነበር? ሲናገርና ሲሠራ የታየው በራሱ ቃል ይስፈር፤ «አብዷል» ከማለት «ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ብቻውን ሲናገር አደረ» ማለት ለሐኪሙ እጅግ ይጠቅማል። ወረቀቱ በሕመምተኛው ወይም በቤተሰቡ ፈቃድ ይጻፍ፤ ከእነርሱና ከጤና ባለ ሙያው ሌላ ማንም አይየው። መነሻው በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መመሪያ ጠቅላላ የጤና ሠራተኞች የተለመዱትን የአእምሮ ሕመሞች እንዲያክሙ የተዘጋጀ ሲሆን በአገራችንም ሥልጠና ተሰጥቶበታል። የሠለጠነ ሰው ካልተገኘ ወደ ጭሮ ሆስፒታል ወይም ወደ ሐረር እንዲላክ መጠየቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ምርመራም ስምም አይጠብቅም። ሰውየው መሞትን ካነሣ፣ ወይም ዕቃውን ማደልና ሰውን መሰናበት ከጀመረ፣ «ራስህን ለመግደል አስበሃል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ ብዙዎች የሚጠይቃቸው አጥተው ነው ዝም ያሉት። «አዎን» ካለ ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ለጫቱና ለአትክልቱ የሚረጨው ፀረ ተባይም ከዚያ ቤት ይውጣና ጎረቤት ዘንድ ተቈልፎበት ይቀመጥ።