«ይሄድ ነበር»ን በእንግሊዝኛ መግለጽ

በአማርኛ «ይሄድ ነበር» ስንል የቀድሞ ልማድን፣ በዚያ ሰዓት በመካሄድ ላይ የነበረን ድርጊት፣ ወይም «ቢጠሩት ይሄድ ነበር» እንደማለት ያልተፈጸመን ነገር ማለታችን ሊሆን ይችላል። በተጂ የብዙዎች አፍ መፍቻ የሆነው የኦሮምኛው «ዴማ ቱሬ»ም እንደዚሁ ነው። እንግሊዝኛ ግን በአብዛኛው ይለያቸዋል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪክንም ሆነ ሳይንስን በእንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆቻችን የሚደናቀፉት ከዚህ ላይ ነው።

ለቀረ ልማድ ዋነኛው አነጋገር «ዩስት ቱ» ነው። (በ«ዝ» ድምፅ «ዩዝድ» የሚባለው «ተጠቀመ» የሚለው ሌላ ግሥ ነው።) «ዘ ትሬን ዩስት ቱ ሊቭ ፍሮም ለገሃር» ቢባል ትክክል ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር የሚነሣው ከሰበታ ነውና። «ዘ አዋሽ ዩስት ቱ ፍለድ ዘ በቾ ፕሌን» ብሎ የጻፈ ተማሪ ግን ወንዙ ሜዳውን በክረምት ማጥለቅለቁን ትቷል ማለቱ ነው። የኢሉ ገበሬ ይህን አይቀበለውም! ዛሬም ለሚደጋገም ነገር ተራው የአሁን ጊዜ «ፍለድስ» ይበቃል።

ሁለተኛው ረዳት ግሥ «ዉድ» ነው። ይህም ተደጋጋሚ ድርጊትን ብቻ እንጂ ኑሮን ወይም ሁኔታን አይገልጽም። «ማይ ግራንድፋዘር ዉድ ሊቭ ኢን ተጂ» ቢባል እንግሊዛዊው «ቢሆንለት ይኖር ነበር» ብሎ ይረዳዋል፤ «ዩስት ቱ ሊቭ» መባል አለበት። «ዉድ» ጊዜውን የሚያመለክት ቃልም ይሻል፤ «ኤቭሪ ሳተርደይ ሂ ዉድ ዎክ ቱ ዘ ማርኬት» እንደሚባለው። ጥሩ ተራኪዎች ወሬውን በ«ዩስት ቱ» ከፍተው በ«ዉድ» ይቀጥሉታል።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሉቃስ 2፥41 መልካም መለማመጃ ነው። የኢየሱስ ወላጆች በየዓመቱ ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም መሄዳቸውን የግሪክኛው ግሥ በተደጋጋሚነት መልኩ ያስቀምጠዋል። በእንግሊዝኛ ተራው ያለፈ ጊዜ «ዌንት»ም ይሠራል፤ «ኤቭሪ ዪር» የሚለው ልማዱን ይናገራልና። የጊዜው ብዛት ከተቈጠረ ደግሞ፣ ለምሳሌ «ሦስት ጊዜ»፣ «ዌንት» ብቻ ነው የሚቻለው።

«አይ አም ዩስት ቱ ዎኪንግ» ሲባል ግን «መራመድ ለምጃለሁ» ማለት እንጂ ያለፈ ልማድ አይደለም።

የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፦
ሀ) አባቴ በየማለዳው ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር።
ለ) እኅቴ ሰበታ ትኖር ነበር።
ሐ) ባለፈው ዓመት ወሊሶ አራት ጊዜ ሄድን።