የጣና አስጋሪ ሌሊቱን እንዴት ያድራል?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ዓሣ አስጋሪዎች ሥራ ነው። አስጋሪ ማለት ዓሣ አጥምዶ በመሸጥ የሚኖር ሰው ማለት ነው። በሁዳዴ ገበያ ላይ ዓሣ ሲታይ «ይኸ እኮ ያልታረሰ፣ ያልታረመ ሲሳይ ነው» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ለምሳሌ ጣናን እንውሰድ። ጣና ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጋሻ ቢለካ ከ7,000 ጋሻ ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም። ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲመታው ቶሎ ይናወጣል። ጧት ጸጥ ብሎ የተኛው ውሃ ከቀትር በኋላ ማዕበል ያነሳል።

በዚህ ውሃ ላይ ድሃው አስጋሪ የሚሄደው በታንኳ ነው። ታንኳ የሚሠራው በውሃ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ነው። ይህን ጥበብ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ወይጦዎች ናቸው። ዓሣቸውን እየበላን እነሱን የምንንቅ ሰዎች ነበርን፤ ዛሬም አልጠፋንም። ታንኳ ርካሽ ነው፤ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ቶሎ ይበሰብሳል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገብቷል። ሞተር የሚገዛ ግን ስንቱ ነው?

መረብ ማታ ይጣላል፣ ጧት ይነሳል። ጉማሬም ማታ ለግጦሽ ከውሃ ይወጣል፣ ሊነጋ ሲል ይመለሳል። ስለዚህ ሰውና ጉማሬ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ ይገናኛሉ። ግልገል የያዘች ጉማሬ ደግሞ ታንኳ ከመገልበጥ አትመለስም። ዋና የሚችል ሰው እንኳ በጨለማ፣ ከዳር ርቆ፣ በብርድ ምን ያህል ይዋኛል?

ሌላው ጠላት በዓይን አይታይም። ቢልሃርዝያ ይባላል። ትሉ በውሃ ዳር ካለ ቀንድ አውጣ ይወጣና በሰው ቆዳ ይገባል። ሆድ ያማል፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ ያመጣል። መድኃኒት አለው። ግን በሽተኛው ውሃ ዳር ከተጸዳዳ ትሉ ተመልሶ ይራባል።

ታዲያ ነፋሱ እየታየ ለምን ይወጣል? ትሉ ይሆናል። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የእህል ዋጋ ቢወድቅ ጤፉ ጎተራ ውስጥ ይቆያል። ዓሣ ግን በሙቀት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይበላሻል። በረዶ ያለው ነጋዴው ነው። ስለዚህ አስጋሪው ነጋዴው በሰጠው ዋጋ ይሸጣል። መረቡም በዱቤ የተገዛ ከሆነ ዕዳው ይጠብቀዋል። ለአንድ ቀን ልቅር ቢል መረቡ ውስጥ ያለው ዓሣ ይበሰብሳል፤ መረቡም በማዕበል ይቀደዳል። ስለዚህ እየፈራ ይወጣል።

ዓሣውም እንደ ድሮው በቅርብ አይገኝም። በክረምት አንዳንዱ የዓሣ ዓይነት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዝ ይወጣል። በወንዙ አፍ መረብ ከተዘረጋ እናቲቱ ከነእንቁላሏ ትያዛለች። ይኸ የዘር እህል መብላት ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ እምቦጭ የሚባል አረም ታየ። አረሙ የውሃውን ዳር እየሸፈነ መረብ ይይዛል፣ ታንኳ ያግዳል። አስጋሪው ወደ መካከል ይርቃል። ሲርቅ ነፋሱ ከዳር ርቆ ያገኘዋል።

ከእናንተም መካከል በበጋ መረብ የሚጥል አለ። ብቻችሁን አትውጡ። የት እንደምትሄዱ ለቤተሰብ ንገሩ። ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን በታንኳው ላይ እሰሩ፤ ብትገለበጡ ይዞ ያንሳፍፋችኋል። በማኅበር የተደራጁ ደግሞ ዓሣውን ቀደው በጸሐይ ቋንጣ ያደርጋሉ። ቋንጣ ገዢ ይጠብቃል፤ እርጥብ ዓሣ አይጠብቅም።

የመወያያ ጥያቄ፦ በእናንተ ቀበሌ ቶሎ የሚበላሽ ምርት የትኛው ነው? ወተት ነው? ቲማቲም ነው? ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው?